እምቢ ያለው ብሎን፦ በትናንሽ አውሮፕላኖች ጥገና ውስጥ የተደበቀ የቴክኖሎጂ ታሪክ



 የታሪክ መምህር መድረክ ሲሰጠው ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነቶች ወይም ስለ ታላላቅ ውሎች እንዲናገር ይጠበቃል። እኔ ዛሬ የምናገረው ከአንድ የጣት አንጓ ስለማይበልጥ ነገር ነው፤ ስለ ብሎን። ያውም ዝጎ አልፈታም ስላለ ብሎን። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ወደ ታሪክ ትምህርት ከመምጣቴ በፊት በአንድ አነስተኛ የአውሮፕላን መጠገኛ ውስጥ ረዳት መካኒክ ሆኜ ሠርቻለሁ። አንድ ቀን ለዓመታዊ ፍተሻ የገባች ባለ አራት መቀመጫ፣ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ቀረበችልኝና ከክንፏ ሥር ያለውን የመፈተሻ መክደኛ እንድከፍት ታዘዝሁ። መክደኛው ስምንት ብሎኖች ነበሩት። ሰባቱ ያለ ችግር ተፈቱ፤ ስምንተኛው እምቢ አለ። ካቻቢቴውን ተጭኜ ስጠመዝዝ ጫፉ ከብሎኑ መስቀል ውስጥ እየወጣ ባዶውን ዞረ። ደግሜ ሞከርሁ፤ የብሎኑ ራስ ተበላ። ተናደድሁና ማንንም ሳልጠይቅ ትራፓኖ አንሥቼ ራሱን መሰርሰር ጀመርሁ። የትራፓኖው ጫፍ ከጠንካራው ብረት ላይ ተንሸራትቶ ለስላሳውን የክንፍ ላሜራ ጫረው፤ ቀዳዳውንም አሰፋው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? አምስት ደቂቃ ለማትረፍ የቸኮልሁበት ሥራ የሁለት ቀን ጥገና ወለደ።

አለቃዬ አልተቆጡኝም። የአውሮፕላኗን የጥገና መዝገብ አምጥተው በዝምታ ከፊቴ ዘረጉት። ያንን መክደኛ ባለፈው ዓመት የዘጋው ማን እንደ ነበረ በግልጽ ተጽፏል፤ እኔው ነበርሁ። «ይኸውልህ ልጄ» አሉኝ፣ «አምና የዘጋኸውን ዘንድሮ መክፈት አቃተህ።»

ያ ንግግር እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነበርን? መካኒክ ሳለሁ ጥያቄውን በኀፍረት መለስሁት፤ የታሪክ ተማሪ ከሆንሁ በኋላ ግን ሌላ መልስ መፈለግ ግድ ሆነብኝ። ዛሬ ለማሳየት የምሞክረው በዚያ ቀዳዳ ውስጥ ከእኔ ቸልተኝነት በተጨማሪ ሦስት አሮጌ ታሪኮች ተገናኝተው እንደ ነበረ ነው። አንደኛው ስለ ብረቶች ጥምረት፣ ሁለተኛው አውሮፕላኑ ስለ ተሠራበት ላሜራ፣ ሦስተኛው ስለ ብሎኑ ራስ ነው። ሦስቱም ለሚገጣጥመው ሰው ትልቅ ጥቅም አስገኝተዋል፤ ዕዳቸው ግን በኋላ መጥቶ ለሚፈታው ሰው ተላልፏል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከመጀመሪያው ልነሣ፤ መጀመሪያው ከአውሮፕላን ብዙ ዘመን የሚቀድም፣ የባሕር ላይ ታሪክ ነው። በ1761 የብሪታንያ ባሕር ኃይል «አላርም» የተባለችውን ፍሪጌት የጦር መርከብ የታችኛውን አካል በቀጭን የመዳብ ሉህ አለበሰ። ዓላማው እንጨት የሚበላውን የባሕር ትልና በመርከብ ላይ የሚበቅለውን አረም መከላከል ነበር። መርከቧ ወደ ካሪቢያን ባሕር ተልካ ከሁለት ዓመት በኋላ ስትመረመር መዳቡ ሥራውን በሚገባ ፈጽሞ ተገኘ። መዳቡን የያዙት የብረት ምስማሮች ግን በብዙ ቦታ ተበልተው ወደ ዝገት ጭቃ ተለውጠዋል፤ ሉሁም በየስፍራው ተላቋል። ከዚህ መካከል አንድ አስገራሚ ነገር ታየ። አንዳንድ ምስማሮች ደህና ነበሩ፤ መዳቡ የተጠቀለለበት ቡናማ ወረቀት ሳይነሣ ቀርቶ በምስማሩና በመዳቡ መካከል ተቀርቅሮ ነበርና። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ሁለት የተለያዩ ብረቶች በጨው ውሃ ውስጥ እርስ በርስ ከተነካኩ አንዱ ሌላውን ያስበላዋል። አንድ ቁራጭ ወረቀት እንኳ በመካከላቸው ከገባ ይተርፋሉ።

የዚህ ምክንያት በሚገባ የታወቀው ቆይቶ ነው። በ1800 ጣልያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ ሁለት ዓይነት ብረቶችን እያፈራረቀ፣ በመካከላቸውም በጨው ውሃ የራሰ ነገር እያስገባ በመደርደር የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ ባትሪ ሠራ። በ1824 ደግሞ እንግሊዛዊው ሃምፍሪ ዴቪ ይህንኑ እውቀት መልሶ ወደ መርከብ ወሰደው። በመዳቡ ላይ የዚንክ ወይም የብረት ቁራጭ ቢታሰር ቁራጩ በመዳቡ ፈንታ እንደሚበላና መዳቡ እንደሚድን አሳየ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ነገር ግን መዳቡ መሟሟቱን ሲያቆም የባሕር ፍጥረታትን መከላከሉንም አቆመ፤ መርከቦቹም በአረምና በቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረታት ተሸፈኑ። አንዱን ችግር መፍታት ሌላውን ማሰር እንደሚሆን በዝገት ታሪክ ውስጥ ደጋግመን እናያለን።

ስለዚህ ያልተፈታልኝን ብሎን በዚህ ዓይን ተመልከቱት። የብሎኑ አካል ብረት ነው፤ ዙሪያው አሉሚኒየም ነው፤ በመካከላቸው እርጥበት ገብቷል። ሳላውቀው ካቻቢቴዬን የሰካሁት በአንዲት ትንሽ የቮልታ ባትሪ ላይ ነበር።

ወደ ሁለተኛው ታሪክ ልለፍ። ንጹሕ አሉሚኒየም ቀላል ነው፤ ዝገትንም ይቋቋማል፤ ነገር ግን ክንፍ ለመሸከም እጅግ ለስላሳ ነው። በ1906 ጀርመናዊው የብረታ ብረት ተመራማሪ አልፍሬድ ዊልም ጥቂት መዳብና ማግኒዚየም የተቀላቀለበት አሉሚኒየም አግሎ በፍጥነት አቀዘቀዘው። ወዲያው ሲለካው ያሰበውን ያህል አልጠነከረም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግሞ ሲለካው ግን ያለ ምንም ተጨማሪ ሥራ በራሱ ጊዜ ጠንክሮ አገኘው። ይህ ቅይጥ ዱራሉሚን ተባለ። በ1919 የተሠራው የዩንከርስ ኤፍ 13 የመንገደኞች አውሮፕላን ከዚህ ቅይጥ ነበር፤ ከእንጨትና ከሸራ ወደ ብረት የተደረገው ሽግግርም በእርሱ ላይ ቆመ።

ጥንካሬውን ያመጣው መዳብ ግን ድክመትንም አብሮ አመጣ። መዳብና አሉሚኒየም በባሕር ላይ ብቻ ሳይሆን በአንድ ላሜራ ውስጥም ጠላቶች ናቸው። በ1920ዎቹ የአሜሪካ መንግሥት የምርምር ተቋማት ዱራሉሚን በውጭ ሲታይ ደህና መስሎ በውስጡ፣ በቅንጣቶቹ ድንበር፣ እየተበላ እንደሚሰበር በሰፊው አጠኑ። መፍትሔው በ1927 አካባቢ የመጣው አልክላድ ነው። ጠንካራው ቅይጥ በሁለቱም ፊቱ ስስ የንጹሕ አሉሚኒየም ሽፋን ይለብሳል፤ ሽፋኑም እንደ ዴቪ ዚንክ ራሱን እየሠዋ የውስጡን ይጠብቃል። በ1930ዎቹ 24ኤስ፣ ዛሬ 2024 የሚባለው፣ ከ4 በመቶ በላይ መዳብ ያለበት ቅይጥ በዚሁ ሽፋን ለብሶ እንደ ዲሲ-3 ላሉ አውሮፕላኖች ገላ ሆነ። ከ1950ዎቹ ጀምሮ በብዛት የተመረቱት ትናንሽ አውሮፕላኖችም የዚህ ቤተሰብ ልጆች ናቸው።

ነገር ግን አንድ ቦታ አለ፤ ሽፋኑ የሚያልቅበት ቦታ። ላሜራው ሲበሳ የቀዳዳው ጠርዝ እርቃኑን ይቀራል፤ መዳብ ያለበት ውስጠኛው ቅይጥ ይገለጣል። ብሎን የሚገባው ደግሞ በቀዳዳ ነው። መከላከያው ከሁሉ ይልቅ በሚያስፈልግበት ቦታ ይጎድላል ማለት ነው።

ሦስተኛው ታሪክ የብሎኑ የራሱ ነው። በ1800 አካባቢ ለንደን ውስጥ ሄንሪ ሞድስሊ የብሎን ጥርስ በትክክል የሚያወጣ ማሽን እስኪሠራ ድረስ እያንዳንዱ ብሎን ከራሱ ዳዶ ጋር ብቻ የሚስማማ ብቸኛ ነገር ነበር። በ1841 ጆሴፍ ዊትወርዝ በብሪታንያ፣ በ1864 ዊልያም ሴለርስ በፊላደልፊያ የጥርሱን ቅርጽና ልክ ወጥ ለማድረግ ሐሳብ አቀረቡ፤ የመጀመሪያው 55 ዲግሪ፣ ሁለተኛው 60 ዲግሪ የጥርስ ማዕዘን መረጡ። ከዚያ ወዲህ ከአንድ ፋብሪካ የወጣ ብሎን በሌላ ፋብሪካ ዳዶ ውስጥ መግባት ቻለ። ጥገና የምንለው ሙያ ያለዚህ አይታሰብም።

የራሱ ቅርጽ ግን ለብዙ ጊዜ አንድ ቀጥ ያለ ስንጥቅ ሆኖ ቆየ። በፋብሪካ የመገጣጠሚያ መስመር ላይ ካቻቢቴው ከስንጥቁ ወደ ጎን እያመለጠ ሥራ ያዘገይና ቀለም ይጭር ነበር። በ1930ዎቹ የኦሬጎን ሰው የነበረው ሄንሪ ፊሊፕስ ባለ መስቀል ራስ ብሎን ወደ ገበያ እንዲገባ አደረገ፤ ጄኔራል ሞተርስም በዚያው አሥር ዓመት አጋማሽ በካዲላክ መኪና ምርቱ ተጠቀመበት። መስቀሉ ካቻቢቴውን ወደ መካከል ይመራዋል፤ በሞተር ለሚዞር መሣሪያ የተመቸ ነው፤ ሠራተኛው ሳያይ እንኳ ያስገባዋል። የጦርነቱ ዘመን የአውሮፕላን ፋብሪካዎችም በብዛት ወሰዱት። ይሁን እንጂ የመስቀሉ ግድግዳዎች ወደ ታች እየጠበቡ የሚሄዱ በመሆናቸው ኃይል ሲበዛ ካቻቢቴውን ወደ ላይ ገፍተው ያወጡታል። ብሎኑ አዲስ ሆኖ ሲገባ ይህ ብዙም አይጎዳም። ከዓመታት በኋላ ዝጎ ሲፈታ ግን እጅግ ብዙ ኃይል የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነው፤ ራሱም የሚበላው ያን ጊዜ ነው። የመስቀሉ ራስ ታሪክ የመግጠም ታሪክ ነው፤ የመፍታት ምዕራፍ አልተጻፈለትም።

አሁን ሦስቱን በአንድ ቀዳዳ እናገናኛቸው። የአውሮፕላን ብሎን ብዙውን ጊዜ በካድሚየም የተለበጠ ብረት ነው። ካድሚየም የተመረጠው ከአሉሚኒየም ጋር ያለው የኤሌክትሪክ ልዩነት ትንሽ ስለሆነና ብረቱን ለማዳን ራሱን ስለሚሠዋ ነው። ነገር ግን ልባጡ ስስ ነው፤ በየዓመቱ ብሎኑ ሲፈታና ሲታሰር ከጥርሱና ከመስቀሉ እየተፋቀ ያልቃል። ልባጡ ሲያልቅ ብረትና አሉሚኒየም ፊት ለፊት ይገናኛሉ። ዝናብ፣ የሌሊት ጤዛ፣ የአውሮፕላን ማጠቢያ ውሃ፣ በባሕር ዳርቻ ደግሞ ጨው በቀዳዳው ውስጥ ይቋጠራሉ። የሚፈጠረው ነጭ ዱቄት ከተበላው አሉሚኒየም የበለጠ ቦታ ይይዛል፤ ስለዚህ ይጨናነቃል፤ ብሎኑን እንደ ሽብልቅ ጨምድዶ ይይዘዋል። በላዩ ላይ አውሮፕላኑ ቀለም ሲቀባ መስቀሉ ይሞላል። እኔ ብሎኑን ደረቁን ማስገባቴ፣ መስቀሉን የሞላውን ቀለም ሳላጸዳ መተዌ በዚህ ሁሉ ላይ የተጨመረ የመጨረሻ ጠብታ ነበር።

ታዲያ ዕዳው የተላለፈባቸው ሰዎች ምን አደረጉ? እዚህ ላይ የታሪክ መጻሕፍት ዝም ይላሉ፤ የሙያው ሰዎች ግን ብዙ የሚሉት አላቸው። አለቃዬ ከዚያ ቀን በኋላ ያስተማሩኝ ቅደም ተከተል ከእርሳቸው የሚበልጥ የብዙ እጆች ልምድ ነው።

መጀመሪያ መስቀሉን የሞላው ቀለም በሹል ነገር ተለቅሞ ይጸዳል። ከዚያ ዘልቆ የሚገባ ዘይት ይንጠባጠብበታል፤ ጊዜም ይሰጠዋል። ብዙ ጊዜ አንድ ሌሊት። ሦስተኛ፣ ያላረጀና በልኩ የሆነ የካቻቢቴ ጫፍ ይመረጣል፤ የሞተር ቫልቭ ለማላመጥ የሚያገለግለው ሻካራ ቅባት ጫፉ ላይ ቢቀባ መስቀሉን አጥብቆ ይይዛል። አራተኛ፣ ከመፍታት በፊት ብሎኑን በጥቂቱ ማጥበቅ፤ የዝገቱን ትስስር የሚሰብረው የመጀመሪያዋ ንቅናቄ ናትና፣ በየትኛውም አቅጣጫ ብትሆን። ይህ ካልበቃ ንዝረት ይመጣል። ለሪቬት በሚያገለግለው የአየር መዶሻ ላይ የካቻቢቴ ጫፍ ተገጥሞ እያንቀጠቀጠ፣ በጎኑ ባለው እጀታ ቀስ ብሎ ይጠመዘዛል። መዶሻው ጫፉን ወደ መስቀሉ ስለሚገፋው አያመልጥም፤ ንዝረቱም ዱቄቱን ያፈርሰዋል።

ሙቀት ለመኪና ጋራዥ ፈጣን መፍትሔ ነው፤ ለአውሮፕላን ግን አደገኛ ነው። የዊልም ቅይጥ ጥንካሬውን ያገኘው በተመጠነ የሙቀት ሥርዓት ነው፤ ያለ መጠን ሲሞቅ ያንን ጥንካሬና ዝገትን የመቋቋም ኃይሉን ያጣል። በክንፍ ውስጥ ነዳጅ እንዳለም አይዘነጋም። የመጨረሻው መንገድ መሰርሰር ነው፤ እርሱም የብሎኑ ራስ መካከል በትክክል ተመትቶ ምልክት ከተደረገበት በኋላ፣ ራሱ ብቻ እስኪወድቅ ድረስ፣ በቀስታ። መክደኛው ከተነሣ በኋላ የቀረው የብሎን አካል በፒንሳ ተይዞ ይወጣል።

መልሶ መዝጋትም የራሱ ሥርዓት አለው። ቀዳዳው ይጸዳል፤ ነገር ግን በብረት ሽቦ ብሩሽ አይደለም፤ ብሩሹ በአሉሚኒየሙ ውስጥ የብረት ቅንጣት ትቶ አዲስ ባትሪ ይዘራልና። በዚሁ ምክንያት ግራፋይት ያለበት ቅባት አይቀባም፤ በአውሮፕላን ላሜራ ላይ በተራ እርሳስ ምልክት ማድረግ እንኳ የተከለከለ ነው። አዲሱ ብሎን ዝገት በሚከላከል ቅባት ወይም ማሸጊያ እርሶ ይገባል። ያ ቅባት ማን መሰላችሁ? በ«አላርም» መርከብ ላይ ሳይነሣ የቀረው ቡናማ ወረቀት ነው።

አንዳንዶቻችሁ በየቤታችሁ ያለውን ደብሊውዲ-40 ታስታውሱ ይሆናል። በ1953 በሳን ዲዬጎ የተሠራው እርጥበትን ከብረት ላይ ለማባረር ነበር፤ ቀደምት ተጠቃሚው የአትላስ ሚሳይል ውጫዊ አካል እንዳይዝግ ለመከላከል የፈለገው ኮንቬየር ኩባንያ ነው። ዛሬ ሰዎች የሚያነሡት ከዘገየ በኋላ፣ ብሎኑ ሲጣበቅ ነው። ለመከላከል የተፈጠረው ነገር በልማድ የመፍቻ መድኃኒት ሆነ።

ይህ ሁሉ ስለ አንዲት ብሎን ለምን? የሚል ጥያቄ በአንዳንድ ፊቶች ላይ አነባለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሴን በ1990 ከተፈጸመ አንድ አደጋ እወስዳለሁ። በዚያ ዓመት ሰኔ 10 ቀን የብሪቲሽ ኤርዌይስ በረራ 5390 ከበርሚንግሃም ተነሥቶ ወደ ላይ ሲወጣ ከአብራሪው ፊት ያለው መስታወት ተነቅሎ በረረ፤ አብራሪው እስከ ወገቡ ድረስ ወደ ውጭ ተሳበ። ባልደረቦቹ ይዘውት አውሮፕላኑ በሰላም አረፈ፤ እርሱም ዳነ። መስታወቱ ከበረራው ጥቂት ቀደም ብሎ ተለውጦ ነበር። ከ90ዎቹ ማሰሪያ ብሎኖች 84ቱ ውፍረታቸው ከሚገባው ያነሰ ነበር፤ ልዩነቱም ከአንድ ሚሊሜትር በታች ነው። አዲሶቹ ብሎኖች የተመረጡት ከአሮጌው ጋር በዓይን ተመሳክረው ነበር። ይህ አውሮፕላን ትንሽ አልነበረም፤ ትምህርቱ ግን ለሁሉም እኩል ነው። አንድ ብሎን ከቦታው በወጣ ቁጥር፣ በምን ይተካል? የሚለው ጥያቄ የሰው ሕይወት የሚወስን ጥያቄ ይሆናል። በደከመና በተበሳጨ እጅ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም።

ወደ አገራችንም ልመለስ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1945 ተቋቁሞ በኤፕሪል 1946 በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ መደበኛ በረራውን ሲያደርግ የተጠቀመው በሲ-47 አውሮፕላን፣ ማለትም በዲሲ-3 የጦርነት ጊዜ ወንድም ነው። የዊልም ቅይጥና የአልክላድ ሽፋን በዚያ በኩል የእኛም ታሪክ ሆኑ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች፣ ከጨዋማ አየር የራቀች ከተማ ናት፤ ይህ ለአሉሚኒየም ጸጋ ነው። ነገር ግን ክረምታችን ረጅም ነው፤ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ የሚመላለስ አውሮፕላንም ጨውን ይዞ ይመለሳል።

ቋንቋችንም መዝገብ ነው። ብሎን፣ ዳዶ፣ ላሜራ፣ ካቻቢቴ፣ ትራፓኖ፣ ፒንሳ የምንላቸው ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ የአውሮፕላን የጥገና መመሪያዎቻችን ደግሞ የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። የእኛ መካኒክ በአንድ ቋንቋ አንብቦ፣ በሌላው መሣሪያ ጠርቶ፣ በአማርኛ «ቀስ በል» ይላል። ይህን የሦስት ቋንቋ እጅ የሚያጠና የታሪክ ተማሪ እስካሁን በክፍሌ ውስጥ አላገኘሁም። ከእናንተ መካከል እንደማገኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ብሪታንያዊው የታሪክ ምሁር ዴቪድ ኤጀርተን በ2006 ባሳተመው መጽሐፍ የቴክኖሎጂ ታሪክ ስለ ፈጠራ ብቻ ሳይሆን ስለ አጠቃቀምና ስለ ጥገናም እንዲጻፍ ተከራክሯል። እኔ በዚህ ላይ አንድ ነገር እጨምራለሁ፤ ስለ መፍታትም ይጻፍ። የሞድስሊን፣ የዊልምንና የፊሊፕስን ስም እናውቃለን፤ የገጠሙትን ሰዎች። ብሎኑን ያለ ጉዳት የፈቱት ሰዎች ስም የሚገኘው በአውሮፕላን የጥገና መዝገቦች ግርጌ፣ በፊርማ መልክ ብቻ ነው። አውሮፕላኑ ሲወገድ መዝገቡም አብሮ ይጣላል። እነዚህ መዝገቦች ከመጣላቸው በፊት ወደ ቤተ መዛግብት ቢገቡ በየዓመቱ ምን እንደ ዘገ፣ ምን እንደ ተለወጠ፣ ማን እንደ ፈረመ የሚያሳይ፣ ማንም ለታሪክ ብሎ ያልጻፈው ምንጭ ይኖረናል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነበርን? አልነበረም። የባሕሩ፣ የመዳቡና የመስቀሉ ታሪክ ሁሉ ከእኔ በፊት በቀዳዳው ውስጥ ነበሩ። ሆኖም ይህ ነጻ አያወጣኝም። ከእነዚያ ሁሉ ታሪኮች መካከል በእጄ የነበረው አንዱ ብቻ ነው፤ አምና መክደኛውን ስዘጋ ጥቂት ቅባት መቀባት። የወረስነውን ዕዳ አልመረጥነውም፤ ለሚቀጥለው ሰው የምናስተላልፈውን ግን እንመርጣለን። የሚቀጥለው ሰው ደግሞ፣ እኔ እንደ ተማርሁት፣ ራሳችን ልንሆን እንችላለን።

አለቃዬ ያንን የተበላ ብሎን ከቀዳዳው አውጥተው ሰጡኝ። ዛሬም በቢሮዬ ጠረጴዛ ላይ አለ። ተማሪ የጥናቱን ረቂቅ ቸኩሎ ሲያመጣልኝ ብሎኑን አነሣና አሳየዋለሁ።